የጋሼ ተፈራ ሦስት ጠርሙሶች

ከሎስ አንጀለስ ከተመለስኩ ወዲህ የናዝሬት ሰው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው «ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ለምን ተመለስክ?» የሚል። ፎቁን ቀና ብዬ አልቆጠርኩትም። የተመለስኩትም ቤቴ እዚህ ስለሆነ ነው። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት በወንድሜ ሳሎን ውስጥ ከአንድ ቡፌ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለሆነ፣ ሕንፃ ፈልጎ ይህን የሚያነብ ካለ ከአሁኑ ይቅር ይበለኝ። የማወራው ስለ ሦስት የጣሊያን ወይን ጠርሙሶችና ስለ ባለቤታቸው ነው።

ጋሼ ተፈራ ታላቅ ወንድሜ ነው። በወጣትነቱ ከአገር ወጥቶ ጣሊያን ጥቂት ዓመታት ቆየ፤ ከዚያ አሜሪካ ገባና በዚያው ቀረ። እኔ ናዝሬት ቀርቼ ጂኦግራፊ አስተማርኩ። እሱ የረገጠውን አገር ሁሉ እኔ በጠመኔ ሣልኩት። አባታችን በሕይወት ሳለ «አንዱ ልጄ ይሄዳል፣ አንዱ ልጄ ይሥላል» እያለ ይቀልድብን ነበር። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጋሼ ተፈራ ደወለና ሴት ልጁ ሕሊና ልትታጭ እንደሆነ ነገረኝ። «ሽማግሌ ሲመጣ ከጎኔ የሚቀመጥ የሥጋ ዘመድ የለኝም። ትኬቱን እኔ እልካለሁ፤ አንተ ብቻ ና» አለኝ። ግንቦት ነበር፤ በዓለ ሃምሳ ስላልወጣ ከጾምም ነፃ ነበርኩ።

ረቡዕ

ባለቤቴ ሻንጣዬን ስታሰናዳ በአንድ ወገን በርበሬና ሽሮ፣ በሌላው ወገን ቋንጣ አድርጋ፣ መሀል ላይ ለጋሼ ተፈራ ሚስት ለእትዬ አስቴር የሚሆን ነጠላ አጠፈች። ሎስ አንጀለስ ስደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፈተና ቋንጣውን አንስቶ ወደ መብራት ያዘው። «ምንድን ነው?» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ተማሪ እውነት እንዲናገር ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝና «የበሬ ሥጋ» አልኩት። ወሰደብኝ። በርበሬውን ግን ጠጋ ብሎ አሸተተና አስነጠሰው፤ ደግሞ አስነጠሰው፤ ከዚያ ሻንጣውን በራሱ እጅ ዘግቶ አሳለፈኝ።

ጋሼ ተፈራ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አቋቋሙ ግን ያው የአባታችን ነው፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። ተቃቅፈን ስናለቅስ ከኋላ ያለ መኪና ጡሩምባውን አንባረቀብን።

«ግባ፣ ግባ! እዚህ ፓርክ ማድረግ አይቻልም፤ ቲኬት ይሰጡኛል» አለና እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ሻንጣዬን ወደ መኪናው ወረወረው።

የመንገዱ ስፋት የናዝሬትን ገበያ ከነአህዮቹ ያስገባል። ነገር ግን መንገዱ እንጂ መኪናው አይሄድም። ከናዝሬት ተነስተን ሞጆ ገብተን ሻይ በምንጠጣበት ጊዜ እኛ ከአንድ ድልድይ ሥር ወደ ሌላ ድልድይ ሥር ተሻገርን። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ጃካራንዳው ነው። ልክ እንደ ትምህርት ቤታችን ግቢ ሐምራዊ አበባውን መንገድ ላይ አራግፎታል። ይህን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግሬ የማውቀው ዛፍ ሲቀበለኝ ሆዴ ባባ።

ቤታቸው ዌስት አዳምስ በሚባል ሰፈር ያለ የድሮ የእንጨት ቤት ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ ስለቆመ ወለሉ ሥር ባዶ ነው። እትዬ አስቴር ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። ቧንቧው አጠገባችን እያለ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ መጥታ እጄን አስታጠበችኝ። የሠራችው ዶሮ ወጥ የናዝሬትን ሴቶች ያስቀናል፤ ለባለቤቴ ይህን አልነገርኳትም፣ እዚህ ታነበዋለች።

ቡፌውን ያየሁት ስበላ ነው። እንዲህ ያለ ቡፌ በየቤታችን አለ፤ መስተዋት ያለው፣ ውስጡ ትንሽ መብራት የሚበራበት፣ ማንም ጠጥቶበት የማያውቅ የሻይ ስኒ የሚደረደርበት። በስኒዎቹና በሕሊና የምረቃ ፎቶ መካከል ሁለት ጠርሙሶች ቆመዋል። አንዱ ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አንገቱ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ የሚፈላው ወይን፣ ስፑማንቴ የሚሉት ነው። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ በውስጡ ያለው ነጭ ወይን ወደ ማር ቀለም ሄዷል። በመካከላቸው የአንድ ጠርሙስ ቦታ ክፍት ነው።

«በስልክ ሦስት ናቸው ስትለኝ አልነበር?» አልኩት።

ጋሼ ተፈራ ወደ ማድ ቤቱ አየት አደረገና «ብላ፣ ነገ እንጫወታለን» አለኝ።

ሐሙስ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተደረደሩበት ቦታ አለ፤ ትንሿ ኢትዮጵያ ይባላል። ከእንጀራ አገር መጥቼ እንጀራ ልጋበዝ መወሰዴ ትንሽ አሳቀኝ። ጋሼ ተፈራ መኪናውን ፓርክ ለማድረግ ሰፈሩን ደጋግሞ ሲዞረው የታቦት ዑደት የገባን መሰለኝ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ወጣችልንና እሷ በለቀቀችው ቦታ ገባን።

የገባንበት ቤት ባለቤት ጽጌ ትባላለች፤ ጋሼ ተፈራ ታክሲ ይነዳ በነበረበት ዘመን ምሳውን የሚበላው እሷ ዘንድ ነበር። ክትፎ አዘዘልኝና «ዛሬ ደግሞ የእኔን አገር ወይን ትቀምሳለህ» አለኝ። የእኔ አገር የሚለው ፒየሞንቴን ነው፤ በሰሜን ጣሊያን፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለውን ክፍለ አገር። አሳላፊው ወጣት ከዚያ የመጣ ቀይ ወይን ከፈተ። በጋሼ ተፈራ ብርጭቆ ውስጥ ጠብታ የምታክል ቀዳና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ።

ጋሼ ተፈራ ብርጭቆውን ሲያነሳ ደሜ ፈላ።

«ቆይ!» አልኩት ልጁን። «ምን አጥፍቶ ነው ታላቅ ወንድሜን መጀመሪያ የምታስቀምሰው?»

ልጁ ደነገጠ። «ጋሼ፣ እዚህ ከስተመሩ ነው ቴስት የሚያደርገው። ሶ፣ ካልወደደው እንቀይርለታለን።»

«በእኛ ቤት የሚቀምሰው ቀጂው ነው!»

እውነቴን ነው። እናታችን ጠላ ስትቀዳ ከሁሉ አስቀድማ በመዳፏ ጠብ ታደርግና እንግዳው እያያት ትቀምሳለች። ጣዕሙን ፈልጋ አይደለም፤ ጣዕሙን ትናንት አውቃዋለች። ክፉ ነገር ቢኖርበት በእኔ ይጀምር ማለቷ ነው። ይህን ለልጁ ሳስረዳው ከልቡ ሰማኝ፤ ግን ወዲያው ሁለተኛ ስድብ ጨመረበት፣ ብርጭቆዬን እስከ ሲሶው ብቻ ሞልቶ ጠርሙሱን አስቀመጠ። ጽጌ ከኋላ ሆና ስትሰማ ኖሮ እየሳቀች መጣችና ጠርሙሱን አንስታ እስከ አፉ ሞላችልኝ። «ፈረንጅ ወይኑ ይተንፍስ ብሎ ነው፤ የናዝሬት ሰው ደግሞ እንግዳው ይተንፍስ ይላል» አለች።

ጋሼ ተፈራ በዚያ ሳቅ መሀል ቅዳሜ፣ የቀለበቱ ዕለት፣ ስፑማንቴውንና ነጩን እንደሚከፍት ነገራት።

«የመቼ ናቸው?»

«ከጣሊያን ይዣቸው የመጣሁት ናቸዋ።»

ጽጌ ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ ተፌ፣ ስፑማንቴና ዋይት ወይን እኮ ሲሰነብት ይሞታል። ዕድሜ ያለው ቀዩ ነው፤ እሱም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ከተኛ።»

«የእኔዎቹ አይሞቱም። በእጄ የለቀምኳቸው ናቸው» አላት። እሷም ሰሐናችንን አነሳች።

እሷ ስትሄድ የሦስተኛውን ነገር ነገረኝ። ሕሊና ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች እትዬ አስቴር ጌታን ተቀበለች። የጸሎት ቡድኑ በየሳምንቱ እነሱ ቤት መሰብሰብ ጀመረ። አንድ ቀን ጋሼ ተፈራ ከሥራ ሲመለስ ቀዩ ወይን ከቡፌው የለም።

«ደፋችው» አለኝ። «ከሦስቱ የምወደውን መርጣ ደፋችው።»

«ጠየቅካት?»

«ምን ብዬ ልጠይቃት? የፈሰሰ አይታፈስ። ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን የፋሲል ግንብ ሥዕል ሲያይ ቆየ። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም፤ እሷም አንድ ቀን አላነሳችበትም።

ዓርብ

ጠዋት ስንነሳ ጉም ወርዷል። በዚህ ወር ከባሕሩ እየተነሳ ይመጣል አሉ። ሕሊና ሎንግ ቢች ካለ ሆስፒታል ነርስ ናትና ከአዳር ሥራዋ ልናመጣት ሄድን። የወደቡ ክሬኖች ከወገባቸው በላይ በጉሙ ተውጠው ይታያሉ። ጋሼ ተፈራ መኪናውን ቀስ እያደረገ መናገር ጀመረ፤ ጉሙን ሲያይ አንደበቱ ይፈታል።

በፒየሞንቴ አንዲት ባሏ የሞተባት ሲኞራ ቀጥራው ነበር። ሦስት ዓይነት ወይን አላት። መጀመሪያ የሚለቀመው ለስፑማንቴው የሚሆነው ነው፣ ገና ፀሐዩ ሳይበርድ፤ ንቡ ከእጅ ላይ አይነሳም። ከዚያ ነጩ ይከተላል። ከሁሉ በኋላ፣ ሸለቆው በጉም ሞልቶ የኮረብታው ጫፍ ብቻ ሲቀር፣ ቀዩ ይለቀማል። ነቢዮሎ ይሉታል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ከጉሙ ነው ይላሉ። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው መቀሱን መያዝ ሲያቅታቸው ሲኞራዋ የጋለ ጡብ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋው ውስጥ ትከትለት ነበር። እሁድ እሁድ ከራሷ ማዕድ ታስቀምጠዋለች። የአሜሪካ ወረቀቱ ሲመጣለት ከዚያ ዓመት ልፋቱ አንድ አንድ ጠርሙስ ሰጠችው፤ የሚፈላውን፣ ነጩን፣ ቀዩን።

«'አስተኛቸው' አለችኝ። ጣሊያንኛዬ ያኔ ደህና ነበር፣ ሰምቻታለሁ። ግን በእኛ አገር ሰው አክብሮ የሰጠህን ነገር ታስተኛለህ? ቡፌ ላይ ታቆመዋለህ እንጂ!»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ታምሬ፣ እዚያ ፎቶ እንኳ አልተነሳሁም። ሕሊና አባቷን የምታውቀው ከታክሲ መሪ ጋር ነው። ወይን ይለቅም የነበረውን፣ ሲዘፍን ኮረብታው የሚሰማውን ልጅ አታውቀውም። ስነግራት 'ኦኬ ዳዲ' ትለኛለች። ከመሄዷ በፊት በአፏ እንድትቀምሰው እፈልጋለሁ። ቀዩ ባይኖርም ሁለቱ ይበቃሉ። አንተ አስቴርን አናግርልኝ።»

እኔም የልቤን ነገርኩት። የአውሮፓን ካርታ በሰሌዳ በሣልኩ ቁጥር ከፖ ወንዝ በላይ አንዲት ነጥብ አደርግና «ወንድሜ እዚህ ነው ያለው» እላቸው ነበር ተማሪዎቼን። እሱ አሜሪካ ከገባ በኋላም ነጥቧን ብዙ ዓመት አላጠፋኋትም። ይህን ስነግረው መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ፤ መጥረጊያውን አብርቶ መስተዋቱን ደጋግሞ ጠረገ፣ ዝናብ ሳይኖር።

ሕሊና በሥራ ልብሷ እያዛጋች ወጣችና ተጠመጠመችብኝ። «አጎቴ! አንተ እኮ ፎቶ ላይ ረዥም ነበርክ!» አለችኝ። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ፍቅር ግን ታውቃለች። እስከ ቤት ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስቴር ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባልና ሚስት መካከል የሚገባ ምን እንደሚያገኘው አውቃለሁ፤ ሆኖም የተጠራሁት ለሽምግልና ነው። ነገሩን አለሳልሼ አመጣሁት።

«ታምራት፣ ነገ ፓስተሩ ባሉበት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው በሞላበት አልኮል ይከፈት ትለኛለህ?»

«ጠርሙሶቹ ግን ለጋሼ ትልቅ ነገር ናቸው።»

«እኔ ከጠርሙሶቹ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። አቧራቸውን በየሳምንቱ የሚጠርገው ማን ይመስልሃል?» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። ዓይኗ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ እንባ ሞልቶታል። ስለ ቀዩ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። የዝምታው ልማድ ወደ እኔም ተጋብቷል።

ነፋስ ልቀበል ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከወለሉ ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ የምታስገባ ትንሽ የእንጨት በር አየሁና፣ መምህር የማያውቀውን በር ሳይከፍት አያልፍምና፣ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፍኩ።

«ተው! ራኩን አለበት!» አለች እትዬ አስቴር በመስኮት።

ራኩን ምን እንደሆነ ስጠይቃት ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል ያለው፣ በሰው እጅ በመሰለ እጁ ቆሻሻ የሚበረብር አውሬ ነው አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከእግሬ ሥር እያለ መተኛቴ ገረመኝ። ከዚያ በኋላ ጓሮውን አልረገጥኩም።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ልብስ መጡ፤ ፓስተሩም አብረው። የልጁ ወገኖች ቆመው ወጉን አደረሱ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። በአገራችን ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብሎ አይሄድም፤ ልጅቱ ረከሰች ይባላል። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ዘመድ ያልተማከረበት ነገር የለምና እንምከርበት። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» አልኳቸው።

እጩ ሙሽራው የሕሊናን ፊት አየ፤ ሕሊና የእኔን አየች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከቶራንስ ነው የመጣነው። የቅዳሜን ትራፊክ ለሁለተኛ ጊዜ...» ብለው ሳይጨርሱ ጋሼ ተፈራ በክርኑ ጎሸመኝ። ለካ ቀለበቱ በኪስ ነው፤ ምግቡም ማድ ቤት እየሞቀ ነው። «ምክራችንን ጨርሰናል! ተሰጥታችኋል!» አልኩ። ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው፤ ሕሊናም እየሳቀች አለቀሰች።

ቀለበቱ ከተደረገ በኋላ ደስታ መግለጫው ቀረበ። ጴንጤዎቹ ለዚህ ዕለት የሚጠጡት የሚፈላ የፖም ጭማቂ ነው፤ ጠርሙሱ ወፍራም ነው፣ አንገቱም በወርቃማ ወረቀት ይጠቀለላል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልታግዝ የመጣች አንዲት የቸርች እህት ጭማቂው እንዳነሰ ስታይ ዙሪያዋን ቃኘችና፣ ቡፌው ውስጥ አንድ የተረፈ አገኘች። እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ እጇ ላይ ሳየው ረፍዷል። ሽቦውን ፈታችው። ቡሹ እንደ ጥይት ሳይሆን እንደ ቁራጭ እንጨት ተነቅሎ ወጣ። ድምፅ የለም። አረፋም የለም።

የመጀመሪያው ብርጭቆ የፓስተሩ ነበር። የሻይ ቀለም አለው። እሳቸውም ለሙሽሮቹ መርቀው ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ለአፍታ ተሸበሸበ፤ እትዬ አስቴርን አዩ፣ ባሏን አዩ፣ ከዚያ የሰው ቤት ላለማሳፈር ዓይናቸውን ጨፍነው ጨረሱት። «ተባረኩ» አሉ። ቀስ ብለውም ለእህቲቱ «ፖሙ ሰንብቷል መሰለኝ፣ ለሌላ ሰው አትቅጂ» አሏት።

ምን እንደተጠጣ ያወቅነው ሦስታችን ብቻ ነን። ጋሼ ተፈራ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደቆመ ቀረ። ልጁ ሳትቀምሰው፣ ምን እንደሆነ ሳይነገር፣ የዚያ ዓመት ፀሐይ በፖም ስም ሞተ። እትዬ አስቴር ትሪውን ይዛ አየችው። እንግዳ እስኪሸኝ ድረስ ከፊቱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

እሁድ

እነ እትዬ አስቴር ከቸርች ሲመለሱ ምሳ በላን። የትናንት ትራፊ ወጥ ሁልጊዜ ከትናንቱ ይበልጣል፣ ይህ በናዝሬትም በአሜሪካም አንድ ነው። ጋሼ ተፈራ ተነስቶ ነጩን ከቡፌው አወጣና ማድ ቤት ገብቶ ከፈተው። እኔና ሕሊና ተከትለነው ቆምን። አሸተተው፤ የሻገተ ለውዝ ሽታ እኔ ጋ ድረስ መጣ። ትንሽ ቀመሰ፤ ሁሉንም የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው።

«ደግነቱ ይሄን የደፋሁት እኔው ነኝ» አለ።

እትዬ አስቴር በር ላይ ነበረች። «ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም።»

«አይደለም፣ ተናገር። ምን ማለትህ ነው?»

«ቀዩን ደፍተሽው የለ?» አለ። እነዚያን ቃላት እንዲህ ያህል ዓመት ተሸክሟቸው ኖሮ አሁን አወረዳቸው። «ሳትጠይቂኝ ደፋሽው። እኔም ለሰላም ብዬ ዝም አልኩ።»

እትዬ አስቴር አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ዘወር ብላ በጓሮው በር ወጣች። የትንሿ የእንጨት በር መቀርቀሪያ ሲንቋቋ ሰማን።

«እትዬ፣ ራኩኑ!» ብዬ ጮህኩ።

«አጎቴ፣ እዚህ ራኩን ኖሮ አያውቅም» አለችኝ ሕሊና ግራ ተጋብታ።

እትዬ አስቴር ያመጣሁላት ነጠላ አቧራ ለብሶ፣ ጉልበቷ አፈር ሆኖ ተመለሰች። ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ጥቅል ይዛለች። ጥቅሉም የሕሊና የልጅነት ብርድ ልብስ ነው። ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ስትፈታው ቀዩ ጠርሙስ ከነወረቀቱ በጎኑ ተኝቷል።

«ሲኞራዋ አስተኛቸው ብላኛለች ብለህ ነግረኸኝ አልነበር?» አለችው። «አስተኛሁት።»

ጋሼ ተፈራ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«የጸሎት ቡድኑ ሊመጣ ነበር። እኔ ገና አዲስ ነኝ፣ አፈርኩ። ስፑማንቴው የፖም ጭማቂ ይመስላል፤ ነጩም ዘይት ነው ቢባል ማን ያውቃል? ቀዩን ግን ምን ልበለው? ለአንድ ቀን ብዬ ወለሉ ሥር አስገባሁት። ማታ ስትገባ ትጠይቀኛለህ፣ እነግርሃለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቅኸኝም። በማግስቱም ጠበቅሁ። ከዚያ ረስቶታል፣ ጣሊያንንም ረስቷታል አልኩ። እኔ ግን እየገባሁ አየዋለሁ፤ ክረምት ሲሆን ልብስ እደርብለታለሁ።»

«እኔ ደግሞ ደፋሽው ብዬ...»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

አባቶቻችን ዝም አይነቅዝም ያሉት ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። በዚህ ቤት ነቅዞ አይቻለሁ። መብራት በርቶላቸው እንግዳ የሚያያቸው ሁለቱ ሲሞቱ፣ በኀፍረት የተደበቀው ቀረ።

ቡሹ ተሰባበረ፤ ጋሼ ተፈራ በሻይ ማጥለያ አጥልሎ ጆግ ውስጥ ገለበጠው። ቀለሙ የሸክላ ጡብ ሆኗል። ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዳዲ፣ ምን ይሸታል?» አለችው ሕሊና።

«ነይ» አላት። ጭንቅላቷን ወደ ጆጉ ሳብ አደረገ። «ይሄ የረጠበ ቅጠል ነው። ጠዋት ስንወጣ ከእግራችን ሥር የሚረገጠው። ይሄ ደግሞ...» ጣሊያንኛው መጣበት፤ ከዚያ መዝፈን ጀመረ፣ በቀጭኑ፣ ግማሹን ረስቶት። ሕሊና «ኦኬ ዳዲ» አላለችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች። «ሶ፣ ከዚያስ?» አለችው።

እሱ ሊቀዳ ሲነሳ እትዬ አስቴር ጆጉን ከእጁ ወሰደች። «በቤቴ ቀጂዋ እኔ ነኝ» አለች። ብርጭቆ ፊቱ አስቀመጠች። ከዚያ ግራ መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ጠብ አደረገችበት።

«ማሚ! አንቺ?» አለች ሕሊና።

«በእናቴ ቤት ሳይቀመስ ለሰው አይቀርብም።»

ባሏ እያያት መዳፏን ወደ አፏ ወሰደች። ዋጠችው። ጥቂት ጠበቀች።

«ደህና ነው፣ ጠጣ» አለችውና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችለት።